ሁለተኛው ድምፅ

ያ የብርድ ወራት ክፉ ነበር። የጋዝ ዋጋ በእጥፍ ጨመረ። ወደቡ ዳር ያለው የዓሣ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃውን ዘግቶ ሁለት መቶ ሰው አሰናበተ። በብሬመርሃቨን፣ በሌሄ ሰፈር፣ ሰው ካፖርቱን እንደለበሰ እራቱን ይበላ ጀመር። ፎልከርት ያንሰን ሳሎኑን ቆልፎ ወጥ ቤቱን ብቻ ያሞቅ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ሰንብታለች። ልጁ ኢምከ ከፋብሪካው ከተሰናበቱት አንዷ ነበረች፤ የራሷን ቤት ለቃ በሁለት ሻንጣ ወደ አባቷ ተመለሰችና በኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ክፍል ያዘች። ጃንዋሪ ሳያልቅ የቤቱ ማሞቂያዎች ሁሉ ሞቁ። ሳሎኑ ተከፈተ። ፎልከርት ማን እንደከፈለ አልጠየቀም። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ልጁ በሯን ስትቆልፍ ግን እሱ ሬዲዮኑን ይዘጋ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆኗል። በፌብሩዋሪ የመጨረሻ ሳምንት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ፎልከርት ወጥ ቤት ተቀምጦ ጥቁር ዳቦ በቅቤ ሲበላ ልጁ ኮሪደሩ ላይ በስልክ ስታወራ ሰማ። «ሰባ አራት ዓመቱ ነው እኮ» አለች። «እኔማ ከአሥራ ስምንት በላይ መሆኑን አውቃለሁ። ማስረጃ የሚሉት እነሱ ናቸው።» ትንሽ አዳመጠችና፣ «ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ምን ብዬ ነው የምነግረው?» አለች። ፎልከርት ማኘኩን አቆመ። ከዚያ ቀጠለ።

ኢምከ ገባች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ረጅም ናት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራለች፣ የእሱን አሮጌ የሱፍ ካልሲ አድርጋለች። ጠዋት ጠዋት ቆማ ነበር የምትበላው። ዛሬ ግን ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሁለት ወረቀትና ስልኳን ከቅቤው ራቅ አድርጋ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ መታወቂያህ የት ነው?»

«ለምን?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። እስክጨርስ አትናገር።»

የጠረጴዛውን ላስቲክ እያየች ተናገረች። ክፍሏን ዘግታ የምትሠራው ሥራ ካሜራ ፊት ነው አለች። ልብሷን ታወልቃለች፤ ከፍለው የሚያዩ ሰዎች አሉ። ሥራው ሕጋዊ ነው፣ ግብር ትከፍልበታለች፤ ሕጉ እንደሚያዘው ስሟና የቤቱ አድራሻ በገጿ ግርጌ ተጽፏል፤ ለማየት የሚፈልግም ሁሉ አስቀድሞ ዕድሜውን ያሳያል። ከሦስት ሳምንት በፊት በተደረገ ቀረጻ ላይ ግን ከበሩ ውጭ የወንድ ድምፅ ገብቷል። «ኢምከ፣ ድንቹ በስሏል!» ይላል ድምፁ። የገጹ ባለቤት የሆነው ድርጅት ቀረጻ የሚመረምሩ ሰዎች አሉት፤ ሰሙት። ፊቱ የታየ ወይም ድምፁ የተሰማ ሰው ሁሉ ማንነቱና ዕድሜው መረጋገጥ አለበት፤ በፈቃዱ መግባቱንም መፈረም አለበት። ሁለተኛውን ሰው አቅርቢ ብለው ሰባት ቀን ሰጧት። ስድስቱን ቀን ይዛው ዞረች። ዛሬ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ያልቃል።

«ድንቹ በስሏል ስላልኩ?» አለ ፎልከርት።

«ድንቹ በስሏል ስላልክ።»

ሁለቱም ሊስቁ ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። አልሳቁም።

«ታዲያ ቀረጻውን ሰርዢው።»

«ከጠየቁ በኋላ መሰረዝ መደበቅ ነው ይላሉ። ይዘጉብኛል። የወሩ ገንዘብ ለከፈሉት ሰዎች ይመለሳል። ስሜ ይያዛል፤ ሌላም ቦታ አይቀበለኝም። የኪራዩን ግማሽና ማሞቂያውን ከምን እንደምንከፍል አላውቅም።»

«ሌላ ሽማግሌ ፈልጊ። ወደቡ ዳር ወንበሩን ሞልተውት የለም እንዴ? ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ይፈርሙልሻል።»

«ድምፁ ያንተ ነው» አለች።

ፎልከርት መነጽሩን አጥልቆ ወረቀቱን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዓሣ ጨረታው አዳራሽ ሚዛን ላይ ሠርቷል። ያልመዘነውን መዝኛለሁ ብሎ አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ጌታው አንድ ሳጥን ኮድ ዓሣ ላይ ሁለት ኪሎ ጨምር ብሎት እምቢ ስላለ ለሦስት ወር ውጭ ብርድ ላይ አሠርቶታል። ወረቀቱ አጭር ነበር። ስም፣ የልደት ቀን፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ በዚህ ቤት ውስጥ ቀረጻ እንደሚደረግና ምን ዓይነት ቀረጻ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ድምፄ በውስጡ በመኖሩም እስማማለሁ። ከሥሩ የፊርማ መስመር። ፎልከርት ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን መልሶ ገፋው።

«ያልሆነ ነገር ላይ አልፈርምም» አለ። «አላውቅም ነበር።»

ኢምከ ቀና ብላ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። ከላይኛው ፎቅ ውኃ ሲወርድ ይሰማል። በመስኮቱ አሻግሮ የወደቡ ክሬኖች በጭጋግ ውስጥ ቆመዋል። ትከራከረኛለች ብሎ ጠበቀ። ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ፣ ብትሰድበው፣ እሱም ተነስቶ በሩን ይደበድበው ነበር፤ ያ ቀላል ነበር። እሷ ግን «እሺ አባዬ» አለች፤ ሳህኑን አንስታ አጠበችው፤ ወረቀቶቹን ይዛ ወጣች። ውሸቱን ሲናገር ቅቤው ገና ምላሱ ላይ ነበር። ሦስት ዩሮ ከሃያ ዘጠኝ ሳንቲም ነው ዋጋው፣ የዴንማርኩ፣ እሱ የሚወደው ዓይነት። የገዛችው እሷ ናት።

ካፖርቱን ለበሰ። ከበሩ ኋላ የእንጨት መለኪያውን አነሳ። ለሰፈርተኛው ጓሮ የሚያከራየው የአትክልት ማኅበር የአጥር ተቆጣጣሪ ነው፤ ደመወዝ የለውም። በዚህ አገር የቁጥቋጦ አጥር የሚከረከመው እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወፎች ጎጆ ስለሚሠሩ መቀስ ማንሳት ክልክል ነው። ቁመቱም ከአንድ ሜትር ከሃያ አምስት እንዳይበልጥ በማኅበሩ ደንብ ተወስኗል። ፎልከርት በየዓመቱ በዚህ ሳምንት መቶ አርባ ጓሮ ይዞራል። ከለካ በኋላ ለሚያጠፋ ማስጠንቀቂያ ይጽፋል። ማኅበርተኛው አይወደውም፤ ተሳስቶ ያውቃል የሚል ግን የለም።

ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ባለው ጓሮ ቦዶ ጎንበስ ብሎ ሲከረክም አገኘው። ቦዶ ጡረታ የወጣ ክሬን ነጂ ነው፤ ሆዱ ትልቅ፣ አፍንጫው ቀይ፣ አፉ የማይዘጋ።

«መጣ ንጉሡ!» አለ ቦዶ። «ና ለካ። ሚስቴ እንኳ ለሙሽራ ልብሷ እንዲህ አልተለካችም።»

ፎልከርት መለኪያውን አቆመ። «ሁለት ሴንቲሜትር ተርፏል።»

«እርጥበቱ ነው ያሳበጠው።»

«ቁረጠው።»

«እቆርጠዋለሁ ባክህ። አንተ እኮ ስትሞት የመቃብርህን ጉድጓድ ተነስተህ ትለካለህ።» ቦዶ ቀና አለ። መቀሱን መሬት ላይ ተክሎ ትንሽ ቆመ። ወዲያና ወዲህ አየ። «ፎልከርት፣ አንድ ነገር ልንገርህ፤ እንዳትቆጣኝ። የቤትህ አድራሻ ኢንተርኔት ላይ አለ። ያንሰን፣ መንገዱ፣ የቤት ቁጥሩ። በዚያ… በልጅህ ገጽ ላይ።»

«አንተ እዚያ ምን ትሠራ ነበር?»

የቦዶ ጉንጭ ከአፍንጫው ጋር እኩል ቀላ። «ደጁ ላይ ነው የተጻፈው። ውስጥ አልገባሁም! መታወቂያ አሳይ፣ ፊትህን ለካሜራው አሳይ ይላል። እኔ ይሄን ፊት ለማን ነው የማሳየው?»

ፎልከርት የመለኪያውን ጭቃ በጣቱ ጠረገ።

«ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል» አለ ቦዶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? አባትየው ምስኪን፣ ምንም አያውቅም፣ ልጅቷ አታለለችው ይላሉ። ያዝኑልሃል። እኔ ግን፣ ፎልከርት? አጥር በጣት የሚለካው ሰውዬ? እሱ ነው ቤቱ ውስጥ የሚሆነውን የማያውቅ? አልኳቸው። ሳቁ።» ቦዶ ዓይኑን ዓይኑን አየው። «ታውቃለህ አይደል?»

ፎልከርት መለኪያውን ወደ ሌላው ጎን ወሰደ። ተጎነበሰ። «እዚህም አንድ ተርፏል» አለ፣ ሄደም።

ሦስት ጓሮ አልፎ ቆመ። ለካ፣ ቁጥሩ ግን አእምሮው ውስጥ አልቆይ አለው፤ መልሶ ለካ፣ እንደገና ጠፋው። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የዳቦ ቤቷ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚገዛው ላይ ለምን አንድ ዳቦ እንደምትጨምርለት አሁን ገባው። ፋሲካ ላይ ቄሱ እጁን ለምን በሁለት እጃቸው እንደያዙትም ገባው። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰፈሩ ለእሱ ሲያዝን፣ እሷን ሲያማ ኖሯል። ሐሜቱን እሷ ብቻዋን ተሸከመችው፤ ገበያ ስትወጣ፣ ደረጃ ስትወርድ፣ ጎረቤት ፊቱን ሲያዞርባት። እሱ ሐዘኔታውን ተቀበለ። የተጨመረለትን ዳቦ በላ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ እውነተኛ ሰው ነኝ ብሎ፣ ያልሆነ ነገር ላይ አልፈርምም ብሎ፣ በዓይኗ ፊት ዋሸ። እሷም ውሸት መሆኑን እያወቀች ሳህኑን አጠበችለት።

ቦርሳውን ከካፖርቱ ኪስ አውጥቶ መታወቂያውን ፈለገ። አገኘው። አገላብጦ አየው፤ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ አየው። መታወቂያው ጊዜው ካለፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የሌላውን አጥር ሲለካ የራሱን መታወቂያ አላየም። ቦዶ ይህን ቢሰማ እስከ ክረምት ማግሥት ይስቅ ነበር። ፎልከርት መለኪያውን በማኅበሩ መጋዘን አስቀምጦ ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

የነዋሪዎች ቢሮ ያለ ቀጠሮ አያስተናግድም። ሰው የቀረበት ቀጠሮ ከተገኘ ግን ይጠራሉ። ፎልከርት በፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ ቦርሳውን በጉልበቱ ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ አንዲት ሴት ሕፃን ታባብላለች። ማዶ ሁለት ተማሪዎች ስልክ ላይ አቀርቅረዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት አለ፤ ዘጠኝ አለ። ምሳውን አልበላም። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ሠራተኛዋ በእጇ ጠራችው። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ አጭር ፀጉር፣ በገመድ የተንጠለጠለ መነጽር።

«ሁለት ዓመት!» አለች መታወቂያውን ይዛ። «ይህ እኮ ያስቀጣል።»

«ይቅጣኝ። ጊዜያዊው ዛሬ ይሰጠኝ።»

«ጊዜያዊ የሚሰጠው አስቸኳይ ምክንያት ላለው ነው።» ስሙን በኮምፒውተሩ ጻፈች፤ ጣቷ ቆመ። «ያንሰን። የአትክልት ማኅበሩ ያንሰን? የአጥሩ?»

«አዎ።»

«አምና ለእናቴ ማስጠንቀቂያ የጻፉላት እርስዎ ነዎት። ሰማንያ ዓመቷ ነው። ለሰባት ሴንቲሜትር!»

«ስምንት» አለ ፎልከርት። ሊመልሰው አልቻለም፤ አምልጦት ነበር።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች። ደስ ያላት ትመስል ነበር። «እሺ፣ አቶ ያንሰን። አስቸኳዩ ምክንያት ምንድን ነው? ጉዞ ነው? ባንክ? የሆነ ነገር መጻፍ አለብኝ።»

ባንክ ሊል ይችል ነበር። ባንክ ቢል ማንም አይጠይቀውም። ኋላው ያለችው ሴት ሕፃኗን ማባበል አቁማ ነበር፤ ወይም ለእሱ እንዲያ መሰለው። ፎልከርት ሁለት እጁን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አደረገ።

«ልጄ ካሜራ ፊት ልብሷን እያወለቀች ነው የምትኖረው» አለ። «ሥራዋ ነው። አንድ ቀን እሷ ስትሠራ ኮሪደሩ ላይ ተጣራሁ፣ ድምፄ ገባ። አሁን ያ ድምፅ የማን እንደሆነ፣ ዕድሜው የደረሰ ሰው መሆኑ በመታወቂያ ካልታየ ሥራዋን ይዘጉባታል። እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እኔም የምኖረው በእሷ ገንዘብ ነው።»

ከተማሪዎቹ አንዱ ቀና አለ። ሠራተኛዋ ፎልከርትን አየችው፤ አልሳቀችም። መነጽሯን መልሳ አደረገች።

«አሥራ ሁለት ሰዓት?»

«አሥራ ሁለት።»

«ፎቶ እዚያ ማሽኑ ጋ ይነሡ፤ ስድስት ዩሮ ነው። መታወቂያው አሥር። አድራሻዎ አልተለወጠም?»

«አልተለወጠም።»

ቅጽ ስባ በብዕር ጻፈች። ‹የቤተሰብ ጉዳይ› የሚለውን ጽሑፍ እንደተገለበጠ አነበበው። ስለ ቅጣቱ ምንም አላለችም። ወረቀቱን ስትሰጠው፣ «እናቴ አጥሩን አስቆርጣዋለች» ብቻ አለች።

አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ፎልከርት ቆሞ ሄደ። አዲሱ መታወቂያ በደረት ኪሱ ውስጥ ነው፤ ደጋግሞ በእጁ ይነካዋል። ከቲያትሩ ፌርማታ ላይ ሦስት ልጃገረዶች የትምህርት ቤት ቦርሳ ይዘው ገቡ፤ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። አንዷ ረጅም ናት። እየሳቀች የጓደኛዋን ባርኔጣ ትቀማለች። ፎልከርት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ማሰብ የማይወደውን ነገር ግን አሰበ። ኢምከ በዚህ ዕድሜዋ ኤምደን ከተማ አንድ የመርከብ ሸራ ሰፊ ዘንድ የሙያ ልምምድ ቦታ አግኝታ ነበር። ማንም አልረዳትም፤ ራሷ ጽፋ፣ ራሷ በባቡር ሄዳ፣ ሰውዬው የሰጣትን ቁራጭ ሸራ ሰፍታ አሳይታ ነው ያገኘችው። ውሉ በፖስታ መጣ። ዕድሜዋ ከአሥራ ስምንት በታች ስለሆነ የአባት ፊርማ ያስፈልገው ነበር። እናቷ በዚያን ጊዜ አልጋ ይዛለች፤ ቤት ውስጥ ሰው ያስፈልጋል። ፎልከርት እምቢ አላለም። ውሉ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በጨው ማስቀመጫው ሥር፣ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ፤ እሱ ከጎኑ እየበላ፣ ጨው ባሰኘው ቁጥር ዕቃውን አንስቶ መልሶ እያስቀመጠበት። እሷ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አባዬ፣ አየኸው?» አለች። «አየሁት» አላት። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። አንድ ጠዋት ወረቀቱ ከጠረጴዛው ላይ አልነበረም። እሷ አላለቀሰችም፤ እሱም አልጠየቀም። እናቷ ከሞተች በኋላ ዓሣ ፋብሪካው ገባች። ስለ ሸራ በዚያ ቤት ከዚያ ወዲህ ተወርቶ አያውቅም።

ቤት ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። የኮሪደሩ መጨረሻ በር ክፍት ነበር። በሦስት ዓመት ውስጥ ክፍት ሆኖ አይቶት አያውቅም። ሄዶ ደፉ ላይ ቆመ። የጠበቀው ምን እንደነበር አያውቅም፤ ቀይ ነገር፣ የሚያሳፍር ነገር ጠብቆ ነበር። ክፍሉ ንጹሕ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ግድግዳው ላይ ከገበያ የተገዛ ግራጫ መጋረጃ፤ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ እላዩ ላይ ወረቀቶች በየማቀፊያው ተሰድረው፤ የግብር፣ የኪራይ፣ የማሞቂያ። ኢምከ ወለሉ ላይ ተንበርክካ በቋሚ ላይ ከቆሙት ሁለት መብራቶች አንዱን እየፈታች ነበር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልሸጣቸው ነው። አዲስ ሳሉ መቶ ስልሳ ነበሩ። ሁለቱን በሰማንያ የሚወስድ ሰው አለ።» ቀና አላለችም። «ድንች አልቀቀልኩም። ዳቦ አለ።»

ፎልከርት ገባ። የት እንደሚቆም ስላላወቀ አልጋው አጠገብ ቆመ። ጊዜያዊውን መታወቂያ አውጥቶ ሰጣት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያኛው ጊዜው አልፎበታል።»

«የማን? ያንተ?» ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ነበር። «ያንተ መታወቂያ? ያንተ?»

«የእኔ። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።»

ሳቁ ወዲያው ጠፋ። መታወቂያውን አገላብጣ አየችው።

«አውቅ ነበር» አለ ፎልከርት።

መብራቱን የምትፈታበትን መፍቻ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ሐሙስ።»

«ሬዲዮኑን የምትዘጋው…»

«ድምፁ እንዳይገባብሽ ነው። በዚያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃ ረቡዕ መሰለኝ።»

ኢምከ ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ውጭ አንድ መርከብ ጥሩንባውን ነፋ፤ ሁለቱም እስኪያበቃ ጠበቁ።

«ሦስት ዓመት» አለች። «ሦስት ዓመት እኮ ነው ቁልፉን ቀስ እያልኩ ሳዞር የኖርኩት። ገበያ ስሄድ ያ ሰው ይነግረው ይሆን፣ ይቺ ትነግረው ይሆን እያልኩ። ለምን ዝም አልክ?»

ለዚህ መልስ ሲያዘጋጅ ነበር የመጣው። ያዘጋጀው ሁሉ ጠፋው፤ የቀረው ይሄ ነበር።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ። ከነገርሽኝ አቁሚ ማለት አለብኝ፣ አባት ነኝ። ካቆምሽ ደግሞ የምንኖርበት የለንም። ስለዚህ አልጠየቅኩም። እኔ እንዲመቸኝ አንቺን ብቻሽን ተውኩሽ።»

«ጠዋትም።»

«ጠዋትም ዋሸሁ።»

«አውቃለሁ» አለች። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለው ነበር። ሰዓቷን አየች። ተነስታ ወንበሩን ከጠረጴዛው አወጣችለት። «ተቀመጥ። ሃያ ደቂቃ ነው ያለን።»

ስልኩን ፊት ለፊቱ አቆመች። በስልኩ ላይ ክብ ነገር ታየ፤ በክቡ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ነበር። ፊትህን ወደ ቀኝ፣ ፊትህን ወደ ግራ ይላል። ቶሎ አዞረ፤ እንደገና ይላል።

«ቀስ በል። አጥር አይደለም የምትለካው።»

«ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ።»

«አትሳቅ ይላል።»

«አልሳቅኩም።»

«እሱስ ልክ ነህ፤ ለዚህ የተፈጠርክ ነህ።»

መታወቂያውን ከጉንጩ አጠገብ ያዘው። መታወቂያው አልረጋለትም፤ ምስሉ አልጠራ አለ። ኢምከ በጣቶቿ ክርኑን ደገፈችው። እንዲህ ተነካክተው አያውቁም፤ ከቀብሩ ቀን ወዲህ። ማሽኑ ትንሽ ድምፅ አሰማ፣ ተቀበለው። ከዚያ ወረቀቱን አቀረበችለት። ፎልከርት እንደገና አነበበው፤ ቃል በቃል፣ በጣቱ። አውቅ ነበር የሚለው ላይ ጣቱ ቆመ፣ ከዚያ አለፈ። ብዕሩን ወስዶ ስሙን ሙሉውን ፈረመ፤ ፎልከርት ሄንሪኽ ያንሰን፤ እንደ ድሮ ሰው፣ ፊደሎቹን ሁሉ አስተሳስሮ፣ በመጨረሻው ላይ ወደ ሥር የሚወርድ ጭረት አድርጎ። ኢምከ በስልኳ ፎቶ አንስታ ላከችው። አሥራ ሁለት ሊሆን ዘጠኝ ደቂቃ ነበር።

ጠበቁ። ስለ ድንቹ ዋጋ አወሩ። ፎልከርት ቦዶ ሁለት ሴንቲሜትር እንዳተረፈ ነገራት፤ እሷም፣ «እንዲቆርጥ አደረግኸው?» አለች። «አደረግኩት» አለ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። አንብባ ትከሻዋ ወረደ።

«ሁለተኛው ሰው ተረጋግጧል ይላል።»

ፎልከርት ራሱን ነቀነቀ። ኢምከ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አነሳች፤ መጠበቅ አለበት፣ ዓመታት ሙሉ፣ ሕግ ነው። ማቀፊያውን ከፈተች። ልትከተው ስትል ቆመች። ወደ መብራቱ አስጠግታ ፊርማውን አየችው።

«እንዲህ ነው እንዴ የምትፈርመው?» አለች።

«እንዲህ ነው።»

«አይቼው አላውቅም ነበር።»

«አዎ» አለ ፎልከርት። «አሥራ ሦስት ዓመት ዘግይቷል።»

ኢምከ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ቀለሙ ገና ያልደረቀ ይመስል ቆመች፤ እሱም ከወንበሩ አልተነሳም።